የአሞስ ቴረል ሰንጢ

«ሰንጢውን ከዚህ መድረክ ላይ አንሳ ብዬሃለሁ» አለ ወንዳፍራሽ ለሦስተኛ ጊዜ።

«ጋሼ፣ ሰው ላይ አላወጣሁት እኮ። ጊታር ነው የምመታበት።»

«ጊታር በጣት ነው የሚመታው።»

«በሁለቱም ይመታል። ቁጭ ብለህ ስማኝና ከዚያ ትቆጣለህ፣ ኦኬ?»

«ሰምቻለሁ። ከፓርኪንጉ ጀምሮ ነው የሰማሁት። መዝሙሩ መዝሙር ነው፤ አመታቱ ግን የመሸታ ቤት ነው።»

ፍሬአብ ሳቀ። «እኔ መሸታ ቤት ገብቼ አላውቅም። ሶ፣ ከሁለታችን የመሸታ ቤት አመታት የሚያውቀው ማነው?»

ከመዘምራኑ አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ። የኳየሩ መሪ ሉሊት «ፍሬአብ፣ በቃህ» አለች፤ ነገሩ ግን ካፉ ወጥቷል። ወንዳፍራሽ ወደ መድረኩ ወጣ፣ ሰንጢውን ከድምፅ ማጉያው ላይ አነሳ፣ አጥፎ ኮት ኪሱ ውስጥ ከተተው። እጀታው ከአጥንት የተሠራ ነው፤ ከመያዝ ብዛት ቢጫ ሆኗል።

«የኔ አይደለም እሱ» አለ ፍሬአብ፣ አሁን ሳይስቅ። «የማዘር ቨርኒስ ነው። የአባቷ ነበር።»

«እንግዲያው ለእሳቸው እመልሳለሁ። እንደማይሆንም እኔው ራሴ እነግራቸዋለሁ።»

ሎስ አንጀለስ ውስጥ፣ ከፌርፋክስ ትንሽ ወረድ ብሎ ያለው ይህ የጸሎት ቤት የጥቁር አሜሪካውያን ባፕቲስቶች ነው። እነሱ ጠዋት አምልከው ሲወጡ ኢትዮጵያውያኑ ከሰዓት በኋላ ይገባሉ፤ አሥራ አራት ዓመት እንዲህ ሲጋሩት ኖረዋል። በዓመት አንድ እሑድ ሁለቱ ጉባኤዎች አብረው ያመልካሉ። ማዘር ቨርኒስ የባፕቲስቶቹ ትልቅ እናት ናቸው፤ ዘጠና አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። ለዘንድሮው የጋራ እሑድ አንድ ነገር ጠየቁ። አባታቸው ሚሲሲፒ ውስጥ በነበረች የገጠር ቤተ ክርስቲያን ይመታው የነበረውን መዝሙር፣ እሱ ይመታው በነበረው መንገድ የሚመታላቸው ሰው ፈለጉ። የእሳቸው ጉባኤ ወጣቶች የሚጫወቱት ኪቦርድና ድራም ብቻ ነው። ፍሬአብ እሞክራለሁ አለ።

ፍሬአብ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ያደገውም እዚሁ ሎስ አንጀለስ ነው። አምስት ወር ሙሉ ማክሰኞ ማክሰኞ ባልድዊን ሂልስ ያለው ቤታቸው እየሄደ ተማረ። ማዘር ቨርኒስ ጊታር ይዘው አያውቁም። ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ፤ ልክ ሲሆን ዝም ይላሉ፣ ሲሳሳት በከዘራቸው ወለሉን አንዴ መታ ያደርጋሉ። ትምህርቱ ይኸው ነበር።

ወንዳፍራሽ ከሽማግሌዎቹ አንዱና የመዘምራኑ ኃላፊ ነው። እንጀራው በሽተኞችን በቫን ወደ ኩላሊት እጥበት ማመላለስ ነው። በወጣትነቱ ግን አዲስ አበባ ውስጥ በሆቴል ባንዶች ስምንት ዓመት ጊታር መትቷል። ጌታን በተቀበለ በወሩ ጊታሩን ከካሴቶቹ ጋር በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ሰው ሁሉ እያየ አቃጠለ። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ሦስት ዓመት ክር ነክቶ አያውቅም። ይህን ምስክርነት በየዓመቱ በጋራው እሑድ ይናገራል። ሁለቱም ጉባኤዎች በቃላቸው ይዘውታል፤ «የምወደውን ሰጠሁ» ሲል አሜን የሚባልበት ቦታ እንኳ የታወቀ ነው። ሰው የሚያከብረው በዚያ እሳት ነው። እሱም ራሱን የሚያከብረው በዚያው ነበር። በዘንድሮው ፕሮግራም ስሙ የተጻፈው ልክ ከፍሬአብ መዝሙር ቀጥሎ ነው። ጊታር በዚያ መድረክ ላይ እንደ ሆቴል ቤት ሲያለቅስ ቆይቶ፣ ሰውም በደስታ ካጨበጨበ በኋላ፣ እሱ ተነስቶ ስለ ቃጠሎው ምን ብሎ ይናገራል?

ሰኞ የመጨረሻውን በሽተኛ አድርሶ ወደ ባልድዊን ሂልስ ወጣ። ከማዘር ቨርኒስ ሳሎን መስኮት ቁልቁል የድፍድፍ ዘይት መሳቢያዎቹ አንገታቸውን ከፍ ዝቅ ሲያደርጉ ይታያሉ። ንግግራቸው በእንግሊዝኛ ነበር፤ የወንዳፍራሽ እንግሊዝኛ ሃያ ዓመት ከበሽተኞች ጋር ሲጨዋወት የተማረው ነው።

«ወንድም ወንዳ» አሉ ማዘር። «ቫንህን በመስመሩ ውስጥ አቁመኸዋል? ጎረቤቴ ክፉ ናት።»

«አቁሜዋለሁ፣ ማዘር።» ሰንጢውን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ይህን ልመልስልዎ ነው የመጣሁት።»

«ልጁ አሞት ነው?»

«ደህና ነው። ስለ መዝሙሩ ልናገር ነበር።»

«አባቴን ታውቀዋለህ?»

«ዲያቆን እንደነበሩ ሰምቻለሁ።»

«ዲያቆን የሆነው ኋላ ነው» አሉ። ከዚያ ስለ አባታቸው ነገሩት፤ ሳይቸኩሉ፣ ብዙ ጊዜ እንደተናገረው ሰው ሳይሆን ማንም እንዳልጠየቀው ሰው።

አሞስ ቴረል በፈረንጅ አቆጣጠር በ1903 ከጥጥ አራሾች ተወለደ። በአሥራ አምስት ዓመቱ የቤተሰቡን እርጉዝ አሳማ በድብቅ ለአንድ የእንጨት መሰንጠቂያ ሠራተኛ ሰጥቶ በምትኩ ጊታር ይዞ መጣ። አባቱ ገረፈው፤ አሳማዋ ግን አልተመለሰችም፣ ጊታሩም እንደዚያው። ሳምንቱን በበቅሎ ያርሳል፤ ቅዳሜ ሲደርስ ሰው ዓሣ እየጠበሰ በሚደንስበት ቤት ይመታል። ከበሮ የለ፣ አጃቢ የለ። ስለዚህ በቀኝ አውራ ጣቱ ወፍራሞቹን ክሮች እንደ በቅሎ እርምጃ ሳያቋርጥ ይመታል፣ በሌሎቹ ጣቶቹ ዜማውን ያወጣል፣ በግራ እጁ ጣቶች መሐል የያዘውን ሰንጢ በጀርባው ክሩ ላይ ያንሸራትታል። ሰንጢው ሲንሸራተት ጊታሩ እንደ ሴት ድምፅ ይመልስለታል። በ1930 አንድ ሱቅ ያለው ነጭ ወደ ሜምፊስ ወሰደው፤ በአንድ ቀን ስድስት ዘፈን ቀድተው ሦስት ሸክላ አወጡለት። ባለ ሱቁ በሚቀጥለው ዓመት እንጠራሃለን ብሎት ነበር።

ማዘር ቨርኒስ ተነስተው አንዱን ሸክላ ማጫወቻው ላይ አኖሩ። መጀመሪያ የተሰማው መጥበሻ ላይ ያለ ዘይት የሚመስል ጩኸት ነው። ከዚያ አውራ ጣቱ መጣ። ቀጥሎ ሰውየው ወደ ቤት አልመለስም ስላለች በቅሎ መዝፈን ጀመረ፤ እሱ ሲያቋርጥ ሰንጢው ይጨርስለታል። ወንዳፍራሽ ቅኝቱ ከተለመደው የወረደ መሆኑን ወዲያው ለየ፤ የትኞቹ ክሮች እንደላሉም አወቀ። ሸክላው ሲያበቃ ማዘር ጉልበቱን እያዩት ነበር። አውራ ጣቱ ሱሪው ላይ እየመታ ነው። እጁን ሰበሰበ።

«ይኸ ዘፈኑ ነው» አለ። «ልጁ የሚመታው መዝሙርስ?»

«ይኸው ነው። በቅሎዋን አውጥቶ ዮርዳኖስን አስገባበት። ጣቱን አልቀየረም።»

«ፓስተራቸው ዝም አሏቸው?»

«ዝም አላለውም። ጊታሩን ከመድረኩ ሥር አኑር አለው። አንድ ዓመት ሙሉ እዚያ ተቀመጠ፤ እናቴ ስትጠርግ እያነሳች ትመልሰው ነበር። በዓመቱ አውጣውና ምታ አለው። አርባ ዓመት ገደማ መታ። እዚህ መርከብ ሊሠራ ሲመጣም ይዞት መጣ፤ የተቀበረ ዕለት ብቻ ነው ዝም ያለው።»

ወንዳፍራሽ ወደ መስኮቱ፣ ወደ ዘይት መሳቢያዎቹ ዞረ።

«አንተ ማቃጠልህን በየዓመቱ እሰማለሁ» አሉ ማዘር። «ማን አዘዘህ?»

«ማንም።»

«እኛ ጋ ማገዶ አንዳንዴ ይጠፋ ነበር፤ ግን እዚያ አልደረስንም።»

ፈገግ አለ፤ ብዙም አልቆየለትም።

«አባቴ ጌታ ጠራኝ ይል ነበር» ሲሉ ቀጠሉ። «እናቴ ደግሞ የሸክላ ኩባንያው መጥራቱን ሲተው ነው ጌታ የጠራው ትል ነበር። ዘመኑ ክፉ ነበር፤ ሸክላ የሚገዛ ሰው ጠፍቶ ነበር። ሁለት ዓመት ደብዳቤ ሲጠብቅ ቆይቶ ነው ቤተ ክርስቲያን የገባው። እናቴ ይህን እያለች ስትስቅበት አብሯት ይስቅ ነበር። እኔ ሁለቱንም አምናቸዋለሁ።»

እሳቸው ሳቁ፤ ወንዳፍራሽ ግን አልሳቀም። ሰንጢውን ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ ከፈተው፣ መልሶ አጠፈው።

«ሆቴሉ አንድ ባለ ኪቦርድ ቀጠረ» አለ። «አንድ ሰው ከበሮውንም፣ ቤዙንም፣ ትራምፔቱንም ብቻውን ይጫወታል። እኛን ስድስታችንን አሰናበቱን። ሌሎቹም ሆቴሎች እንደዚያው አደረጉ። ጊታሩን ልሸጠው ሦስት ወር ዞርኩ፤ የሚገዛ አጣሁ። ጌታን የተቀበልኩት ከዚያ በኋላ ነው።»

«ይህ በምስክርነትህ ውስጥ የለም።»

«የለም።»

«ለማን ነግረህ ታውቃለህ?»

«ለማንም። ባለቤቴም አታውቅም።»

ማዘር ቨርኒስ ምክር አልሰጡትም። ሰንጢውን በጣታቸው ወደ እሱ ገፋ አደረጉት። «ለልጁ ስጠው። ሁለተኛው ግጥም ላይ እንደሚፈጥን ንገረው። በቅሎ አትሮጥም።»

ቅዳሜ ልምምድ ላይ ወንዳፍራሽ ሰንጢውን ማጉያው ላይ፣ ያገኘበት ቦታ መልሶ አስቀመጠው። ፍሬአብ ሰንጢውን አየ፣ እሱንም አየው።

«ሁለተኛው ግጥም ላይ ትፈጥናለህ ብለዋል» አለ ወንዳፍራሽ።

«አንተስ ምን አልክ?»

«እኔማ አራተኛዋ ክር ከሚገባው በላይ ወርዳለች ነው የምለው።»

ፍሬአብ ክሯን ነካት፣ አዳመጠ፣ ትንሽ አጠበቃት። «ጋሼ፣ ከፓርኪንጉ ነው እሱንም የሰማኸው?» አለ። ወንዳፍራሽ ወንበሮቹን ሊደረድር ሄደ። ሉሊት ፕሮግራሙን ይዛ ተከተለችው። እሷ ያደገችው አዲስ አበባ ነው፤ ትልቅ ሰው አንተ ብላ አታውቅም።

«ጋሼ፣ የእርስዎ ምስክርነት እንደ ሁልጊዜው አሥር ደቂቃ ነው?»

«እንዳለ ይቆይ» አላት።

እሑድ አዳራሹ ሞላ። ወንዳፍራሽ በጎን በር አጠገብ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠ። ደረት ኪሱ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት ነበር። የድሮውን ምስክርነት ለመናገር ወረቀት አያስፈልገውም፤ ይኼኛውን ግን ሁለት ሌሊት ሲጽፍና ሲሰርዝ አድሮ ግማሽ ገጽ አድርሶታል። መጀመሪያው «ከሥራ ከወጣሁ ሦስት ወር ሆኖኝ ነበር» ይላል። ከዚያ በታች «የምወደውን ሰጠሁ» የሚለውን ሊጽፍ ጀምሮ አቁሞታል።

ፍሬአብ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጀመረ። አውራ ጣቱ ቀድሞ ገባ፤ ሰንጢው ቀስ ብሎ ተከተለ። ኢትዮጵያውያኑ መጀመሪያ ምን እንደሚያደርጉ ግራ ገብቷቸው እርስ በርስ ተያዩ። ባፕቲስቶቹ ግን በእግራቸው ወለሉን መምታት ጀመሩ። ፍሬአብ ስለ ዮርዳኖስ ሲዘምር፣ እሱ ያቋረጠውን ሰንጢው ሲጨርስለት፣ ወንዳፍራሽ ፊት ለፊት የተቀመጡትን ማዘር ቨርኒስን ተመለከተ። ዓይናቸው ተጨፍኗል፤ ከዘራው ጉልበታቸው ላይ ተጋድሟል። ሁለተኛው ግጥም ደረሰ። ፍሬአብ አልፈጠነም። ከዘራው አልተነሳም።

መዝሙሩ ሲያበቃ ሰው ሁሉ ቆመ። ከኋላ ያሉት ሴቶች እልል አሉ፤ አንድ የባፕቲስቶቹ ሽማግሌ «ድገመው ልጄ» አለ፣ ፍሬአብም ወደ ማዘር አይቶ ደገመው። ወንዳፍራሽ ከሰው ጋር ቆሞ ነበር። ወረቀቱን አውጥቶ ዘረጋው፣ የመጀመሪያውን መስመር አነበበ። ቀና ሲል የልጁ አውራ ጣት ወፍራሙ ክር ላይ ስትወርድ አየ። ወረቀቱን መልሶ አጠፈው፤ የጎኑን በር በትከሻው ገፍቶ፣ ፓርኪንጉን ሊያይ እንደሚወጣ ሰው ወጣ።

ጭብጨባው ሲረግብ ሉሊት ወደ ማይክሮፎኑ መጣች። ሰዓቱን አየች፤ መዝሙሩ ከታሰበለት እጥፍ ወስዷል። ፕሮግራሙ ላይ የወንዳፍራሽን መስመር ዘልላ ሕፃናቱን ጠራች። ሕፃናቱ እየተገፋፉ ወደ መድረኩ ሲወጡ ሰው ወደየቦታው ተቀመጠ፤ ሦስተኛው ረድፍ ላይ አንዲት ሴት ቦርሳዋን በር አጠገብ ያለው ወንበር ላይ አኖረች።