ላፕቶፑ ውስጥ የቀረው ድምፅ

«ኮምፒውተርዎን አያጥፉ» ይላል የላፕቶፑ ስክሪን። ማን ሰምቶት! ልጅቷ ከመታጠቢያ ቤት ስትወጣ ቤቱ ጭር ብሏል፤ ማቀዝቀዣው ዝም፣ ላፕቶፑም ድርግም ብሎ ጠፍቷል። አባቷ ኮፍያቸውን ደፍተው ኮሪደሩ ላይ ከቆጣሪው ሳጥን ሥር ቆመዋል። ዕድሜ ልካቸውን የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበሩ። የስንቱ ቤት በሽቦ ጣጣ ሲነድ ስላዩ፣ ሊወጡ ሲሉ ዋናውን ማጥፊያ ሳያወርዱ አይንቀሳቀሱም። ሁሉን ሲረሱ ይቺን አልረሷትም። መውጣቱማ የት ሊወጡ፣ በሩ ከተቆለፈባቸው ሰንብቷል።

ማጥፊያውን መልሳ አነሳችው። የላፕቶፑ ባትሪ ሞቷል፤ ያለ ቻርጀር አይሠራም። አፕዴቱን እየጫነ ሳለ ነው መሃል ላይ የተቋረጠበት። አሁን ይነሳል፣ ያቺን ክብ ያሽከረክራል፣ ይጠፋል፣ ደግሞ ይነሳል።

እናትየው ከመሞቷ በፊት፣ ባሏ ነገር እየጠፋባቸው መሆኑን አይታ፣ እዚህ ላፕቶፕ ፊት ቁጭ ብላ ድምጿን ቀድታ ነበር። «አንተ ሰውዬ፣ መድኃኒትህን ዋጥ እንጂ! ልለምንህ እንዴ?» ልጃቸው ስትለምናቸው ክኒኑን የሚተፉት ሰው፣ ይህን ሲሰሙ ጭጭ ብለው ይውጣሉ። ካልዋጡ በሽታው ይጥላቸዋል። ባለፈው ሲጥላቸው ምላሳቸውን ነክሰው አልጋው ደም በደም ሆኗል። ድምፁን ሌላ ቦታ ገልብጪው ተብላ ነበር፤ ዛሬ ነገ ስትል ይኸው ጉድ ሆነች። የክኒኑም ሰዓት እየደረሰ ነው።

ኮምፒውተር ጠጋኝ ለሆነው ለአክስቷ ልጅ ደወለች።

«ሲነሳ አጥፊው፤ ደጋግመሽ። ራሱ የጥገናውን ገጽ ያመጣልሻል» አላት። «ከዚያ የመጨረሻውን አፕዴት አስወግድ የሚለውን ንኪ። ሁሉንም አጥፋ ወደሚለው ዝር እንዳትዪ። ደግሞ አሁን መብራት ከሄደ እኔም አላውቅልሽ።»

እንዳላት አደረገች። ክቧ መሽከርከር ስትጀምር የአባቷ ወንበር ተንቋቋ። ቀድማቸው ሮጣ ጀርባዋን ለሳጥኑ ሰጠች።

«ዞር በዪ። እሳት ይነሳል።»

«አይነሳም አባባ። ትንሽ ይታገሡኝ።»

«ሽቦ ሲነድ ይሸተኛል።»

እንዲህ ሲሉ ለእሷም የሸተታት መሰላት። እጃቸውን በትከሻዋ ላይ ወደ ሳጥኑ ሰደዱ፤ ያዘቻቸው። ሸመገሉ ብትል ጉልበታቸው የት ሄዶ! ወላጅ አባቷን ታግላ አታውቅም። የእጃቸውን አንጓ ጨብጣ ግድግዳው ላይ ስታስደግፋቸው ዓይናቸው ፈጠጠ። እሷን ነበር የፈሩት። ቢሆንም አልለቀቀቻቸውም።

በመጨረሻ ከሳሎን ላፕቶፑ ሲነሳ የሚያሰማው ዜማ ተሰማ። ሮጠች። ፋይሎቹ እንዳሉ ናቸው። ተመስገን አለች፤ መሬት ላይ ቁጭ ብላ የተቀዳውን ድምፅ ነካችው። የእናቷ ድምፅ ቤቱን ሞላው። አባቷ አንጓቸውን እያሻሹ ቀስ ብለው መጡ። ክኒኑንና ውሃውን ይዛ ተነሳች።

እሳቸው በሩ ላይ ቆመው ኮፍያቸውን አወለቁ፣ እንግዳ ቤት እንደገባ ሰው።

«ይቅርታ፣ የኔ እመቤት» አሏት፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እኚህ ሴትዮ ቀስ ብለው ይናገሩ። ባለቤቴ ታማ ውስጥ ተኝታለች።»

«አባባ፣ እሷ እኮ ናት። ድምጿን ይስሙት እስቲ።»

«አንተ ሰውዬ» አለ ላፕቶፑ፣ «ልለምንህ እንዴ?»

አዳመጡ፤ ለጨዋ ደንብ ያህል ብቻ። ከዚያ ክኒኑን አዩት፣ እሷን አዩአት፣ አፋቸውንም ግጥም አድርገው ዘጉ።