ቀይዋን መብራት አጥፋልኝ

ሰፈሩ በሙሉ «ዶክተር» ይለዋል። የዶክተርነቱ ማስረጃ ነጭ ጋውኑ ነው፤ እሱም ቢሆን ነጭ የነበረው ድሮ ነው። ጋራዡ ደጃፍ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ሞተር ሲያዳምጥ ያየ ሰው ባለመኪናውን «እግዚአብሔር ያጽናህ» ሊለው ይቃጣዋል።

የኔ መኪና ሕመም አንድ ነው። ዳሽቦርዱ ላይ የባትሪ ሥዕል ያለባት ቀይ መብራት በርታ አልጠፋም አለች። እሷ ከበራች ዲናሞው ባትሪውን አይሞላም፤ መኪናዋ የምትሄደው በቀረው ስንቅ ነው ማለት ነው። ይህን ያስተማረኝ ራሱ ዶክተሩ ነው። ለምን እንደማይሞላ ግን አያውቅም። መጀመሪያ «ባትሪው ሞቷል» ብሎ አስቀየረኝ። በራች። «እንግዲያው ዲናሞው ነው» ብሎ ፈትቶ ገጠመው። ሦስት ቀን ጠፍታ በአራተኛው በራች። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ! በመጨረሻ መመርመሪያ ኮምፒውተሩን ሰክቶ ረጅም ሰዓት ካፈጠጠበት በኋላ «ኮምፒውተሩም ግራ ገብቶታል» አለኝ። ለሁለት ግራ ገባቸው።

ለኔ ቀልድ አልነበረም። እናቴን በሳምንት ሦስት ቀን ለኩላሊት እጥበት የማመላልሳት በዚያች መኪና ነው። አንድ ቀን ከቀረች እግሯ ያብጣል፤ ውሃው ወደ ሳንባዋ ይወጣል። ጋራዡ በአምስተኛው ምልልሴ ትዕግሥቴ አለቀ።

«ስማ፤ ምክንያቱን ለራስህ ያዘው። ይቺን መብራት ብቻ አጥፋልኝ። እሷን ማየት ሰልችቶኛል!»

«ትጠፋለች፣ እትዬ» አለ ፍርጥም ብሎ።

ጠፋች። ያን ሁሉ ቀን ሳማው የከረምኩትን ሰውዬ አፌን ሞልቼ መረቅሁት። ሲያታልሉኝ እንዴት ደስ እንደሚለኝ!

በሦስተኛው ቀን ጠዋት እናቴን ከኋላ አስቀምጬ ወደ ሆስፒታል ስነዳ፣ መኪናዋ አደባባዩ መሀል ቀጥ አለች። ቁልፉን ባዞር ቀጭ እንኳ አላለችም። ከኋላዬ ያለው ሁሉ ጥሩምባውን ያንባርቃል፤ በጥሩምባ የምትነሳ ይመስል።

አንድ የታክሲ ሹፌር ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ። ከዲናሞው ጀርባ ያለውን ሽቦ ነቀለው፤ ጫፉን አረንጓዴ ዝገት በልቶታል። በቢላ ፍቆ መልሶ ሰካው። አምስት ደቂቃ አልፈጀበትም። ከዚያ ከታክሲው ባትሪ ጋር አገናኝቶ ቁልፉን ግማሽ ድረስ ብቻ አዙሪ አለኝ። የዳሽቦርዱ መብራቶች በሙሉ በሩ፤ ከአንዷ በቀር። አንገቱን አስግጎ አየና ሳቀ።

«አምፖሏን አውጥተውልሻል እኮ፣ እህቴ!»

እዚያው ቆሜ ለዶክተሩ ደወልኩ።

«አጥፋልኝ አሉ፤ አጠፋሁ» አለኝ ሳያፍር። «መኪናዋን ሥራልኝ መች አሉኝ?»

ሰድቤው ጆሮው ላይ ዘጋሁት። ደደብ ነው። ግን ከኔ ቃል ላይ አንድም አልጨመረም፤ ያ ነው ያንገበገበኝ።

ሞተሩ ተነሳ። «አይዞሽ፣ እንደርሳለን» ብዬ ወደ እናቴ ዞር ስል ከንፈሯ ጠቁሯል። ትንፋሿ ያፏጫል።

«ከትናንት ጀምሮ አፍኖኛል» አለችኝ፣ ደረቷን በመዳፏ ይዛ።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ባለፈው ስነግርሽ፣ ‹ነጋ ጠባ ስሞታ! አሁንስ በቃኝ› አልሽኝ። ልጄ እንዳትቆጣ ብዬ ዋጥኩት።»

ማርሽ አስገብቼ በረርኩ። መንገዱን ሙሉ የሚያማትን ሁሉ እንድትነግረኝ ለመንኳት።

«ደህና ነኝ» ትለኛለች እያቃሰተች። «አንቺ መንገድሽን እዪ።»