ለሽምግልና የተገዛ ጫማ

ወንድምአገኝ የተናቀበትን ቀን አይረሳም። ምሳ የበላውን ሊረሳ ይችላል፤ ማን፣ የት፣ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደናቀው ግን ተኝቶ ቢጠየቅም ይመልሳል። የእህቱ የፍሬሰላም ትልቋ ልጅ ስትመረቅ ፎቶ አንሺው «ጋሼ፣ ትንሽ ወደ ኋላ፤ ጫማዎ ይታያል» ብሎ ከሰው ጀርባ አቆመው። ፎቶው እስከ ዛሬ ፍሬሰላም ሳሎን ተሰቅሏል። ከእሱ የሚታየው ግማሽ ግንባሩና አንድ ጆሮው ነው።

ጫማው ቡት ነው። ወንድምአገኝ ሰንጋ ተራ በሚሠራ ሕንፃ ላይ ካፖ ነው፤ ሃያ ሦስት ሠራተኛ ያዛል። ከላይ ብሎኬት፣ ከታች ሚስማር ባለበት ቦታ ቡት ያላደረገ ሰው እግሩን ጠልቶታል ማለት ነው። እሑድም ያንኑ ወልውሎ ያደርገዋል። ይሄን ማን ይረዳለታል? ቀኑን ሙሉ ጠረጴዛ ሥር እግሩን ዘርግቶ የሚውል የቢሮ ሰው ይረዳለታል?

የፍሬሰላም ወንዱ ልጅ፣ የአብስራ፣ አያንቱ የምትባል ልጅ ወደደና ሽማግሌ መላክ አስፈለገ። ልጁን አባቱ ከሞተ ጀምሮ ደብተር እየገዛ፣ ትምህርት ቤት ወላጅ ጥራ ሲባል እየሄደ ያሳደገው አጎቱ ወንድምአገኝ ነው። ፍሬሰላም ግን ወንድሟን አልጠራችም። የሟች ባሏን ዘመድ አቶ ጻድቃንን ጠራች። አቶ ጻድቃን ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠርተው በጡረታ የወጡ፣ «እንዴት አደራችሁ» ሲሉ እንኳ ፋይል የሚያነቡ የሚመስሉ ሰው ናቸው። ከየአብስራ መሥሪያ ቤት ሁለት ሰዎች ጨምረው ሄዱ። አንደኛው ከጠዋት ስፖርቱ በስኒከር መጣ፤ ሌላኛው ካልሲ ላይ ነጠላ ጫማ አጥልቆ።

የአያንቱ አባት አቶ ጂራታ ሠላሳ አንድ ዓመት ጫማ ፋብሪካ የሠሩ ናቸው። የሰው ፊት ከማየታቸው በፊት እግሩን ያያሉ። በሩን ከፈቱ፣ ወደ ታች አዩ፣ «ሽማግሌ ሆናችሁ ኑ» ብለው መልሰው ዘጉት።

ወንድምአገኝ ይሄን ሲሰማ አዘነ ማለት ይከብዳል። የዚያን ዕለት ራቱን ደግሞ በላ።

በሳምንቱ የአብስራ ሕንፃው ድረስ መጣ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ይሂዱልኝ። ሁለተኛ ከተመለስን አለቀ። አባቷ ሦስተኛ አይሰሙም፤ እሷም አባቷን አስቀይማ አታገባኝም።»

«አሁን ነው የታወቅሁት?»

«እማዬ እኮ ናት…»

«እናትህማ ጆሮዬን ታውቀዋለች። ግድግዳዋ ላይ አለ።»

ልጁ ሳቀ። ወንድምአገኝም ሳቁን ለመደበቅ ወደ ሠራተኞቹ ዞሮ ያለ ጥፋታቸው ተቆጣቸው። ይሄን ልጅ ይወደዋል፤ ችግሩም ይሄው ነው።

«ብቻ ጋሼ፣ ጫማ ያያሉ። በቡት…»

«ጨርሰው።»

«ምንም አላልኩም።»

ቅዳሜ ከሥራ እንደወጣ ረሻድ ሱቅ ገባ። ረሻድ በልደታ ፍርድ ቤት መንገድ ላይ ጫማ የሚሸጥ ጎረቤቱ ነው፤ ከወንድምአገኝና ከአቶ ጻድቃን ጋር ሦስተኛው ሽማግሌ እንዲሆንም ተለምኖ እሺ ብሏል። ወንድምአገኝ መደርደሪያውን አየት አድርጎ አንዱ ላይ ቀረ፦ ጥቁር ቆዳ፣ ማሰሪያ ያለው፣ አፍንጫው ሾጠጥ ያለ፣ ልክ አቶ ጻድቃን የሚያደርጉት ዓይነት።

«እሱ አርባ ሁለት ብቻ ነው የቀረኝ» አለ ረሻድ። «አንተ አርባ ሦስት ነህ፤ ያውም ሰፊ እግር። ይሄን ቡናማውን ሞክር።»

«ለሽምግልና ቡናማ?»

«ምን አለበት? ንጹሕ ነው፣ ማሰሪያ አለው፣ ሲራመዱበት አይጮኽም። የክብር ቦታ ሲኬድ መጀመሪያ እግር ነው የሚጠየቀው።»

«የኔን እግር ሃምሳ ዓመት ሙሉ ማን ጠይቆት ያውቃል?» ጥቁሩን ጎትቶ አጠለቀ። ተረከዙ ሲገባ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ቆዳ አይደል? ይሰፋል።»

«ይሰፋል የሚለው ሻጭ ነበር» አለ ረሻድ። «ገዢ ሲለው ዛሬ ሰማሁ። ወላሂ፣ ነገ ተሸከመኝ እንዳትለኝ።»

እሑድ ጠዋት ከቅዳሴ በኋላ ሦስቱ ሽማግሌዎች ከልደታ ማርያም በር ተነሡ። አቶ ጻድቃን ገና ከሩቅ የወንድምአገኝን እግር አዩ።

«ደህና ነው። ደህና ነው። አንተም ቀን ወጣልህ።»

ይቺንም መዘገባት።

«ቶሎ እንድንደርስ ታክሲ እንያዝ» አለ፤ ትንሿ ጣቱ ከአሁኑ አቤት እያለች ነው።

«ሽማግሌ ከታክሲ ዘሎ አይወርድም» አሉ አቶ ጻድቃን። «ረጋ ብለን በእግራችን ነው።»

ረጋ አሉ። ኮብልስቶኑ እያንዳንዱን ድንጋይ እየቆጠረ ነገረው። ረሻድ በጎን እያየ ከንፈሩን ይነክሳል።

አቶ ጂራታ በር ላይ ሲደርሱ የቤተሰቡ ጫማ ደፉ ላይ ተደርድሯል። ረሻድ እንደ ልማዱ ሊያወልቅ ጎንበስ አለ። ወንድምአገኝ በሕይወቱ እንደዚያን ቅጽበት ደስ ብሎት አያውቅም፤ የግራውን ማሰሪያ በአንድ እጁ ፈታው። ያኔ የአያንቱ እናት ብቅ አሉ።

«ኧረ በሞቴ፣ ኧረ እንዲያው በሞቴ፣ ከነጫማችሁ ግቡ። እኔ ቤት ሽማግሌ ጫማ አያወልቅም።»

መልሶ አሠረው። ደግ ሴት ናቸው። ደግነታቸው ግን ለትንሿ ጣት አልደረሰም።

ሳሎኑ ምንጣፍ ለብሷል፤ ሶፋው ወፍራም ነው። አቶ ጂራታ ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡና «ተቀመጡ» አሉ። አቶ ጻድቃን ደረታቸውን ነፍተው «ቆመን እንናገር» ብለው መለሱ። ወጉ ነው። ሽማግሌ የመጣበትን ተናግሮ መልስ ሳይሰማ አይቀመጥም፤ ከተቀመጠ ልመናው ተራ ጨዋታ ሆነ ማለት ነው። ወንድምአገኝ ወጉን ያውቃል። ሶፋውንም ያያል።

አቶ ጻድቃን ጀመሩ። ከአዳምና ከሔዋን ተነሡ። ኖኅ ዘንድ ሲደርሱ ወንድምአገኝ ክብደቱን ወደ ግራ አዛወረ፤ አብርሃም ለይስሐቅ ሚስት ሲያፈላልግ ወደ ቀኝ። ስለ ጉርብትና፣ ስለ ሰፈሩ ጥንታዊነት፣ ስለ ራሳቸው የሥራ ዘመን ሲናገሩ አንድ እግሩን አንሥቶ እንደ ዶሮ ቆሞ ነበር። ላቡ በጆሮ ግንዱ ይወርዳል። አቶ ጂራታ ግን የሚሰሙም አይመስሉም። ዓይናቸው ምንጣፉ ላይ ከጫማ ወደ ጫማ ይሄዳል።

«የልጁ አጎት ማንኛችሁ ናችሁ?» ብለው አቋረጡ።

«እኔ ነኝ» አለ ወንድምአገኝ።

«ሥራዎስ?»

«በኮንስትራክሽኑ ዘርፍ ነው ያለው» አሉ አቶ ጻድቃን ቀድመው።

«ካፖ ነኝ» አለ ወንድምአገኝ።

«እግርዎ ምን ሆኖ ነው?»

«ሪህ አለበት» አሉ አቶ ጻድቃን፣ አሁንም ቀድመው።

ረሻድ ጣሪያ ጣሪያ ያያል። ወንድምአገኝ የቆየ ንዴቱ ከእግሩ ጀምሮ ተነሣበት። ፎቶ አንሺው ጫማውን ደበቀ፤ እኚህ ደግሞ እግሩንም ሊደብቁ ነው። ይባስ ብሎ የልጁ ጋብቻ በውሸት ሊጀመር።

«ሪህ የለብኝም» አለ። «ጫማው ጠቦኝ ነው። እኔ አርባ ሦስት ነኝ፤ ይሄ አርባ ሁለት ነው።»

አቶ ጂራታ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከበሩ ጀምረው ያወቁት ይመስላሉ። «ማነው የሸጠልዎ?»

«እኔ ነኝ» አለ ረሻድ። «ግን ተከራክሬ ነው የሸጥኩት።»

«እያወቁ ለምን ገዙት ታዲያ?»

«እርስዎ ጫማ ያያሉ ተባለ። ያለኝ የሥራ ቡት ነው። በሱ ብመጣ ይመልሱኛል ብዬ ነዋ። እኔ መመለስ ለምጃለሁ፣ አቶ ጂራታ። ልጁ ግን አለመደም። እንዲለምድም አልፈልግም።»

«ያውልቁት» አሉ አቶ ጂራታ።

አወለቀ። አምስቱ ጣቶች አንድ በአንድ ከእስር ተፈቱ፤ ምንጣፉ ለስላሳ ነበር።

«አሁን ይቀመጡ።»

«ያወለቅሁት ጫማውን ነው። መልስ ሳልሰማ ግን አልቀመጥም» አለና በካልሲው ቀጥ ብሎ ቆመ። አሁንማ እስከ ማታም ቢሆን መቆም ይችላል።

አቶ ጂራታ ጫማውን አንሥተው እጃቸውን ውስጡ ከተቱ። በአውራ ጣታቸው ተጫኑት፤ ገልብጠው ሶሉን አዩ። «ፎርማው፣ ቆዳው የተወጠረበት እንጨት፣ ቀጭን ነው። የተቀመጠ ሰው እግር ታስቦ የተሠራ ነው።» ጫማውን አስቀመጡት። «ያን ቀን የመጡትን ጫማቸው ርካሽ ሆኖ አይደለም የመለስኳቸው። አንዱ ስፖርት ሊሠራ ወጥቶ እግረ መንገዱን ነው ልጄን የጠየቀኝ። ልጄ እግረ መንገድ አይደለችም።»

«በቡት ብመጣስ ኖሮ?»

«ከተወለወለ አስገባ ነበር።»

ወንድምአገኝ ጥቁሩን ጫማ በጥላቻ አየው። ረሻድ ሳቁን ሳል አስመሰለው።

«ሪህ ያሉት ግን እርስዎ ነዎት?» አሉ አቶ ጂራታ ወደ አቶ ጻድቃን ዞረው። አቶ ጻድቃን የምንጣፉን አበባ መመርመር ያዙ። ወንድምአገኝ ይቺንም ቀን መዘገባት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የተዋረደው ሌላ ሰው ነው።

ከጓዳ የሚስትየዋ ድምፅ መጣ። «አንተ ሰውዬ፣ ልጅቷ በሩ ሥር ቆማ እግሯ ደነዘዘ። እነሱም እዚያ ቆመዋል። ማንን ነው የምታስቆመው?»

አቶ ጂራታ እንደ ምንም ኮስተር ለማለት ሞከሩና አቃታቸው። «አማክሬ ልንገራችሁ እንዳልል ምክሩ ከጓዳ መጣ» አሉ። «ልጃችሁን ወድጄዋለሁ፤ ከነአጎቱ። ሰጥቻለሁ። በሉ ተቀመጡ።»

አሁን ተቀመጡ። ሶፋው እንደታሰበው ነበር። ከጓዳ እልልታ ተሰማ። ረሻድ ወዲያው ለየአብስራ ደወለለት፤ ልጁ በስልክ ምን እንዳለ አይታወቅም፤ ረሻድ ግን ስልኩን ከጆሮው አራቀው።

ጨዋታው ሲሞቅ አቶ ጂራታ ከጓዳ ካርቶንና እርሳስ ይዘው መጡ፤ ምንጣፉ ላይ ተንበርክከው «እግርህን አምጣ» አሉ። አንቱታው ቀርቶ ነበር። «ለሰርጉ የምታደርገውን እኔ ነኝ የምሠራልህ። ጡረታ ከወጣሁ ለማንም አልሠራሁም።»

«ይኸው ደንበኛዬን ቀሙኝ» አለ ረሻድ።

«ቡት የሚያውቅ እግር ነው» አሉ አቶ ጂራታ ካርቶኑ ላይ እያስተካከሉት። «ቦታ ይፈልጋል።»

አቶ ጻድቃን ጉሮሯቸውን ጠረጉና የቀኝ እግራቸውን ትንሽ ወደ ፊት ገፋ አደረጉ። «አቶ ጂራታ፣ የእኔም እግር እንኳ በፋብሪካ ጫማ ብዙም…»

«የእርስዎ ቀላል ነው። አርባ አንድ የትም ሱቅ አለ።»

ወንድምአገኝ ሽማግሌ ነውና መሳቅ አልፈለገም። ፊቱን አጨፈገገ፣ ከንፈሩን ነከሰ። እርሳሱ ግን ተረከዙን ዞሮ በእግሩ ውስጥ በኩል መጣና ኮረኮረው።