የአስታማሚዋ ስም

ከግራና ከተማ የመጡት አዛውንት ድንኳኑ ውስጥ እንደገቡ ፀዳለን አልፈው ከፍራሹ ዳር መሬት ላይ የተቀመጠችው ታንጉት ፊት ቆሙ።

«እግዜር ያጥናሽ፣ ልጄ። እንደ እህትሽ ነበረች።»

ፀዳለ የሐዘን ፍራሽ ላይ እንደተቀመጠች ደሟ ፈላ። የሟቿ የየሻረግ የእናት ልጅ እሷ፣ ታንጉት የጎረቤት ሴት። ቀብሩ ካለፈ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ የመርሳ ከተማ ሰው ግን አሁንም ታንጉትን ነው የሚያጽናና። በለቅሶ ቤት መቅናት ነውር መሆኑን ታውቃለች። ቢሆንም ቀናች፣ ያውም እንደ ጣውንት።

የሻረግን ሳሉ የጀመራት ጊዜም እንዲሁ ቀንታ ነበር። የቀበሌው ሊቀመንበር ወደ ደሴ ሆስፒታል መሄጃው የይለፍ ወረቀት ላይ አንድ አስታማሚ ብቻ ይጻፋል አለ። የሻረግ «ታንጉት ትሂድልኝ» ብትልም፣ ፀዳለ ቀድማ ሄዳ የራሷን ስም አስጻፈች። የእናቷ ልጅ እያለች ባዳ ያስታማት?

ደሴ ላይ ሐኪሙ «ከዚህ በፊት ቀዶ ሕክምና አድርጋለች?» ሲል የሻረግ አቀረቀረች። ፀዳለ ፈጠን ብላ መለሰች።

«እህቴ ናት፤ እኔ የማላውቀው ነገር የላትም። ቢላ ነክቷት አያውቅም።»

የሳንባ ነቀርሳ ነው ተባለ። የሻረግ ስድስት ወር መርፌ ተወጋች፤ ሳሉ ግን ደም ቀላቀለ። በመጨረሻ ታንጉት ይለፍ አውጥታ ደሴ ወሰደቻት፤ ከሣጥኗ ሥር ያስቀመጠችላትን የድሮ የሕክምና ወረቀትም ይዛ ሄደች። አብዮቱ የፈነዳ ዓመት የሻረግ ለንግድ ብላ አዲስ አበባ የሄደችው ለካ ማህፀኗን ልታስወጣ ኖሯል። ያኔ የተገኘባት ከስንት አንዴ የሚያጋጥም የማህፀን ካንሰር ነበር። ከሳንባዋ ተቆንጥሮ የተመረመረውም ያው ሆነ። «ዓመታት አድፍጦ ይነሳል» አለ ሐኪሙ። «ቀድሜ ባውቅ ሌላ ነገር እሞክር ነበር።»

ለቀስተኛው ሳሳ ሲል ፀዳለ ወደ ታንጉት ዘንበል አለች።

«ላንቺ ነግራ እኔን ለምን ደበቀችኝ?»

ታንጉት ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ልጆችሽን ስታይ ሆዷ ይባባ ነበር፣ እትዬ። አምስቱንም። ባዶነቷን እንድታውቂባት አልፈለገችም። ትቀናብሽ ነበር።»

«ለሐኪሙ ያልኩትንስ ነገረችሽ?»

«ነግራኛለች። ለማንም አልተነፈስኩም።»

ይሄኔ ከሐራ የመጣ የማያውቁት ሰው ድንኳኑ ደጃፍ ቆሞ «የሟች እህት የትኛዋ ናት?» ሲል ሰሙ።

ፀዳለ ፍራሹ ላይ ፈቀቅ አለችና የታንጉትን የነጠላ ጫፍ ይዛ ወደ ራሷ ሳበች።