የተላጨችው ሞጁል

«ከርነሉ ይቅርና የከርነሉ አባት ቢመጣ ከእኔ ደብቆ የሚያሳድረው ነገር የለም!» አለች ምላሶ፣ ወንበሩን በእግሯ ስባ እየተቀመጠች።

ምላሶ ያሏት ለምላሷ ነው። ትምህርቱን ጥቂት ክፍል ቀምሳ ጠገብኩ ብላ፣ አክስቷ ማተሚያ ቤት ኮምፒውተር ላይ ያደገች ልጅ ናት። የወረቀት መቁረጫውን የምታዝዘውን ሞጁል፣ ያችን የኮምፒውተሩ ሥርዓት እምብርት በሆነው ከርነል ውስጥ ገብታ ማሽኑን የምታናግር ቁራጭ ፕሮግራም፣ ራሷ ጽፋ ከማሽኑ ጋር የመጣችውን የፋብሪካውን አባርራለች። ዛሬ ግን አዲስ የደብተር ሽፋን ክምር እንደገባለት፣ ምላጩ አየር ላይ ቀጥ ብሎ ቀረ።

«ስሚ፣» አሉ አክስቷ፣ «ሽፋኑን ከሰዓት ሊወስዱ ይመጣሉ። እስከዚያ ስህተቱን ካላገኘሽው ያንቺን አውጥቼ የፋብሪካውን እመልሳለሁ። አንቺም ሥራሽ ስልክ ማንሳት ነው።»

«ስልኩን እርስዎ ያንሱ፣ አክስቴ። የእኔ ሞጁል ንቅንቅ አትልም!»

ከርነሉ ስለ ውድቀቱ የጻፈውን ከፈተች። ሞጁል ስትወድቅ የቱ መስመር ላይ እንደወደቀች የሚናገረው፣ አብሯት የሚቀመጠው የስምና የመስመር መረጃ ነው። እዚህ ግን ስም የለ፣ መስመር የለ፤ ቁጥር በቁጥር ላይ ብቻ።

«መረጃውን በልቶታል!» ብላ ጮኸች።

«ማን?» አለ ቆራጩ፣ ማሽኑ ላይ የሚሠራው ሰውዬ፣ ክንዱን አጣጥፎ።

«ከርነሉ ነዋ። ካልሆነም ዲስኩ።»

«የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች አሉ።»

«አንተ ወረቀትህን ቁረጥ!»

«በምን ልቁረጥ? በጥርሴ?»

መረጃው እንዲኖር አዝዛ ሞጁሏን እንደገና ኮምፓይል አደረገች፣ ማለትም የጻፈችውን ወደ ማሽን ቋንቋ ቀየረች፤ የወጣው ፋይል ስሙም መስመሩም ሞልቶለት ድንቡሽቡሽ ብሏል። ጫነችው። ማሽኑ አሁንም ቀጥ አለ፤ ያው ራሰ በራ ቁጥር ወጣ። ያኔ ሁለቱን ፋይሎች ጎን ለጎን አስቀምጣ አየች፦ የተሠራው ወፍራም፣ የተጫነው ሲባጎ። ሌባው መንገድ ላይ ነው ማለት ነው። ፋይሉን ከዚህ ወደዚያ የሚያደርሰውን የመጫኛ ስክሪፕት ስትከፍት፣ ከመሃሉ አንዲት ትእዛዝ ፍጥጥ አለችባት፦ «ስትጭን ትርፉን መረጃ ላጭ» የምትል። የጻፈቻት ራሷ ናት፤ የእኔዋ ከፋብሪካው ትቀላለች ብላ ቆራጩ ላይ ልትኮራበት።

አክስቷ ከኋላዋ ቆመው ኖሯል። «ራስሽ ላጭተሽ ስታበቂ ጸጉሩን ማን ወሰደው ትያለሽ?»

«የላጨችው ያኔ የነበረችው ልጅ ናት። እኔ ከእሷ ጋር አልተዋወቅም» አለች፣ አገጯን ቀና አድርጋ።

ትእዛዟን ሰርዛ ሞጁሏን ከነጸጉሯ ጫነች። ምላጩ እንደለመደው ቆመ፤ ከርነሉ ግን አሁን ስሙንም መስመሩንም ቁልጭ አድርጎ ተፋው። ጥፋተኛዋ፣ ክምር ሲቀየር የትእዛዞቹን መግቢያ በር ቆልፋ፣ ሳትከፍት የምትሄድ መስመር ናት፤ ከኋላ የሚመጣው ትእዛዝ ሁሉ ደጅ ቆሞ ይቀራል። ከፍታ እንድትሄድ አደረገቻት። ምላጩ ወረደ፣ ተነሣ፣ ደግሞ ወረደ።

ምላሶ ወንበሩ ላይ ወጥታ ቆመች። «የታለ የፋብሪካው? የታለ ስልኩ? እስቲ እኔ ባልኖር ይህን ስህተት ማን ያገኘው ነበር?»

አክስቷ ሽፋኖቹን ማስተካከላቸውን ሳያቋርጡ፣ «አንቺ ባትኖሪማ ስህተቱ ከየት ይመጣ ነበር?» አሏት።