ዝሆንና መከዳ

ዋጋዱጉ ከተማ ውስጥ የሞሲና የሳሞ ጎሳ ሰዎች ሲገናኙ መዘላለፍ የአባት ወግ ነው፤ ነውረኛው የተቀየመው ነው። ስለዚህ ሞሲው ቆዳ ሰፊ ኖአጋ፣ ከጎኑ የአደንጓሬ ጥብስ የምትሸጠውን ሳሞዋን ፊሎሜንን «ውሻ በላ» ሳይላት ሱቁን ከፍቶ አያውቅም። እሷም አንድ ቀን እንኳ የእጁን ሥራ አመስግና አታውቅም። መከዳውን ያበጠ እንቁራሪት፣ ጫማውን ለባለ ስድስት ጣት የተሰፋ ትለዋለች። ሚስቱ ቲፖኮ የሞተች ዕለት እንኳ፣ ሰፈሩ ሁሉ ሲያለቅስ፣ ፊሎሜን የሟችን ሻሽ አስራ ገብታ የሟችን ድምፅ አስመስላ «ኖአጋ፣ ዛሬም እግርህን ሳትታጠብ?» ብላ ጮኸችበት። በዚያ ሁሉ ሐዘን መሐል ሳቀ። ውለታዋን አልረሳላትም።

ይህ በሆነ በዓመቱ ትልቁ የእጅ ሥራ ትርኢት ሲቃረብ ለኖአጋ ግማሽ ጠረጴዛ ደረሰው። ግማሽ ጠረጴዛ የሚበቃው ለአንድ ዓይነት ዕቃ ብቻ ነው፤ የማይሸጥ ይዞ የሄደ ቀጣዩ ትርኢት እስኪመጣ ሁለት ዓመት ጣቱን ይነክሳል። ድሮ ስሙ የሚነሳው በክብ የቆዳ መከዳው ነበር። አሁን ግን ትንንሽ የቆዳ ዝሆኖች ሰፋ። ፈረንጅ የሚገዛው ሻንጣው ውስጥ የሚገባለትን ነው እያለ ለጠየቀው ሁሉ ያስረዳል። አነጋገሩ ያሳምናል፤ ራሱንም አሳምኖታል።

ዝሆኖቹን ደርድሮ ሲጨርስ ፊሎሜንን ጠራትና ስድቡን ሊቀበል ደረቱን ነፍቶ ቆመ። እሷ አንዱን አንስታ አገላበጠችው፣ ቀስ ብላ ቦታው መለሰችው።

«ቆንጆ ናቸው፤ ይቅናህ» ብላ ወደ መጥበሻዋ ሄደች።

ኖአጋ ክው አለ። ምሳውን እንኳ አልበላም። ዝሆኖቹን እንደገና አያቸው፤ ሆዳቸው ቀጥ ብሎ የተሰፋ፣ ኩምቢያቸው የተስተካከለ፣ እንከን የላቸውም። ከሰዓት በኋላ አላስችል ሲለው ሄዶ ፊቷ ተገተረ።

«አንቺ ውሻ በላ፣ ምን አደረግሁሽ?»

«ምንም።»

«ታዲያ ምነው አመሰገንሽኝ?»

ፊሎሜን ጥብሱን አገላበጠች። «የታመመ ሰው አይሰደብም» አለችው። «ቲፖኮ ካረፈች ወዲህ አንድ መከዳ አልሰፋህም። ምን እንደነካህ አላውቅም፣ ግን ደህና አይደለህም።»

ኖአጋ ስለ ፈረንጅና ስለ ሻንጣ ሊጀምር አፉን ከፈተና ተወው። መከዳ ለብቻ አይሰፋም። አንዱ ቆዳውን ወጥሮ ይይዛል፣ ሌላው ይሰፋል፤ ከተጋቡ ጀምሮ ወጥራ የምትይዝለት ቲፖኮ ነበረች። ዝሆን ግን ጭኑ ላይ አስቀምጦ አንድ ሰው ይጨርሰዋል። ይህን ለማንም ተናግሮ አያውቅም፤ ለእሷ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ነገራት።

ፊሎሜን መጥበሻዋን ከእሳት አወረደች፣ ዘይት የነካ እጇን በሳሙና ፈትጋ ታጠበች፣ ሱቁ ገብታ በርጩማ ሳበችና ተቀመጠች። ከጥግ ቀዩን ቆዳ አንስታ ጠርዙን ጨበጠች። ኖአጋ ጥቂት አመነታ፤ ከዚያ ወስፌውን ፈልጎ አገኘ፣ ክሩን በሰም አሽቶ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

አያያዟ እንደ ቲፖኮ አልነበረም፤ ትጎትታለች። የመጀመሪያው ስፌት ጠመመ፤ እንባ ዓይኑን ጋርዶት ነበር። እንዳላየ ሆኖ ሊቀጥል ሲል ፊሎሜን ጎንበስ ብላ አየችው።

«ይኼን የሰፋው ዕውር አህያ ነው» አለች። «ፍታውና እንደገና ጀምር። እኔ የትም አልሄድም።»