አበል የማይጠይቅ ሕዋስ

አብዮት ሲዋሽ የቦንጋ ሰው ያምነዋል፤ እውነት የተናገረ ቀን ግን ጉድ ይፈላል። ማንኪራ ጫካ ውስጥ ዶሮ የምታክል ንብ ቀፎዋን አዝላ ስትሰደድ አየሁ ብሎ የማለ ጊዜ፣ “የት ሰፈረች?” ብለው ፍለጋ የወጡ ጎልማሶች ነበሩ።

ይህ ሰው የምርምር ቤት ጥበቃ ነው። የቤቱ ባለቤት መምህርት መሲ ከሰው አንጀት የመጣ ሕዋስ በሳህን ታሳድጋለች። ሕዋሶቹ ተያይዘው እንደ አንጀት ግድግዳ ሲሆኑ፣ ከሻገተ በቆሎ የወጣ መርዝ ከላይ ጠብ ታደርግና ምን ያህሉ ወደ ታች እንዳለፈ ትለካለች። ስሙንም “የአንጀት ሞዴል” ትለዋለች። አብዮት ደግሞ “ቁም ሣጥን ውስጥ አንጀት አለ፤ ምሳ ሰዓት ሲደርስ ይጮኻል” እያለ ለሰፈሩ አዳርሷል።

ታዲያ ሕዋሶቹ ለመርዙ ሙከራ በደረሱበት ቀን፣ ረፋዱ ላይ መብራት ድርግም አለ። ያሉበት ሣጥን የሰው ገላ ያህል ካልሞቀ ያልቃሉ፤ የመሲ የወራት ልፋት ገደል ይገባል። የሣጥኑ መጠባበቂያ ባትሪም ሊያልቅ መንፈራገጥ ጀምሯል።

“ጄኔሬተር ያለው እነ ጋሽ ጉግሳ ቢሮ ብቻ ነው። ሩጥ! ደግሞ አደራህን፣ ዛሬ እንኳ አትዋሽ!” አለችው።

የፓርቲ ቢሮ ኃላፊው ጋሽ ጉግሳ አዳራሽ ውስጥ ማይክ ጨብጠው ስለ አባላት መዳከም ሲያማርሩ አብዮት ደረሰ። በእሳቸው ቢሮ ሕዋስ ማለት የአባላት ቡድን ነው፤ በየቀበሌው የሚሰበሰብ፣ ተሰብስቦም የሚያንቀላፋ።

“ጋሼ፣ የመምህርት መሲ ሕዋሶች ሊያልቁ ነው!”

“እሷ ደግሞ ሕዋስ አላት?”

“ያውም ሞዴል!”

ጋሽ ጉግሳ ማይኩን በመዳፋቸው ከደኑት። “ይሰበሰባሉ?”

“ተበትነው አያውቁማ! ክንድ ለክንድ ተያይዘው ነው የሚውሉትም የሚያድሩትም። በመካከላቸው መርፌ አያስገቡም።”

“ሥራቸውስ?”

“ግድግዳ ሆነው መርዝ መከላከል። ሾልኮ የሚያልፈውን መምህርት ናቸው የሚቆጣጠሩት።”

“ሰርጎ ገብ!” አሉ፣ ዓይናቸው በርቶ። ወዲያው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “አበልስ?”

“ምን አበል አለ ጋሼ! በየሁለት ቀኑ ስኳር ያለበት ውሃ ነው። ትንፍሽ አይሉም።”

አብዮት ከተወለደ እንዲህ ምንም ሳይጨምር ተናግሮ አያውቅም፤ እውነቱ እንደ አዲስ ጫማ ጠበበው። ጋሼ የገባቸው ሌላ መሆኑን አላጣውም። ግን አትዋሽ ተባለ እንጂ መቼ አስረዳ ተባለ?

ስብሰባው ተበተነ። ጄኔሬተሩ በፒካፕ ተጭኖ፣ የምስክር ወረቀትና ዮሴፍ የሚባለው ካሜራ ያዥ ተከትለውት መጡ። ሞተሩ ሲንደቀደቅ የሣጥኑ መብራት በራ፤ መሲ እፎይ አለች።

“አባላቱስ?” አሉ ጋሽ ጉግሳ፣ ኮታቸውን እየቆለፉ።

“የምን አባላት?”

“ሕዋሱ ነዋ!”

መሲ ወደ ማይክሮስኮፑ አስጠጋቻቸው። ጎንበስ ቢሉ፣ እንደ ኮብልስቶን የተነጠፈ ነገር ብቻ። ቀና ብለው አብዮትን አዩት፤ አብዮት ጣሪያ ጣሪያውን አየ። ከኋላቸው ዮሴፍ ካሜራውን ደቅኗል። አዳራሽ ሙሉ ሰው በትነው ነው የመጡት፤ ተሳሳትኩ ቢሉ እስከ ዋጫ ከተማ ድረስ ይሳቅባቸዋል።

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “ይህን የመሰለ ጥብቅ ሕዋስ በአካባቢያችን ታይቶ አይታወቅም!” ብለው ለሣጥኑ በር ንግግር አደረጉለት። ሊጨብጡ ይሁን ሊሸልሙ፣ በሩን ሲይዙ መሲ ጮኸች፦ “አይክፈቱት ጋሼ፣ ትንፋሽዎ ይበክላቸዋል!” የምስክር ወረቀቱ ከሣጥኑ በር ውጭ ተለጠፈ።

ከዚያ መርዙ ጠብ ተደረገ። ጋሽ ጉግሳ ውጤቱን ሳልሰማ ንቅንቅ አልልም አሉ። ከሰዓት በኋላ መሲ ከሕዋሶቹ ግድግዳ ሥር ጠብታ ቀድታ ለካች።

“አልፏል!” አለች፣ ሙከራዋ ስለሠራላት ፊቷ በርቶ።

“አልፏል? ማን አሳለፈው?”

“ሁሉም ናቸዋ፣ ትንሽ ትንሽ።”

“በጋራ!” ጋሽ ጉግሳ ወንበር ፈለጉ።

ሾፌሩ በበሩ ብቅ አለ። “ጄኔሬተሩን ልጫን?”

የመሲ ፊት ጠቆረ። መብራት አልመጣም፤ ተራቸውን የሚጠብቁ ሳህኖች ገና አሉ።

“ይጫን እንጂ” አለ አብዮት፣ አንገቱን ደፍቶ። “ብቻ ጋሼ፣ እነዚህ ሳይገመገሙ ቢሞቱ ሰው ምን ይላል?”

“ማንም ሳይገመገም አይሞትም!” አሉ ጋሽ ጉግሳ፣ ብድግ ብለው። “ጄኔሬተሩ ይቆይ!”

መሲ ሥራዋን ጨረሰች። ግምገማው ግን ምልዓተ ጉባኤ አልሞላ ብሎ እየተላለፈ ነው። አብዮት ይህን ጠጅ ቤት ሲያወራ የሚያምነው ጠፋ።

“ኧረ ተወን! ይልቅ ያቺ ንብ የት ደረሰች?” አሉት።